ጋኪ ሸሮቾ የአጥር ፈቃድ ሲጠይቁ

የከፋ ነገሥታት ሕገ ወጥ ግንበኞች ነበሩ። ይህን የምለው ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ነገሩ ግን የታወቀ ነው። መንግሥታቸውን በጥልቅ ቦይ ከበቡ፣ ከቦዩ ጋር የእንጨት አጥር ደረደሩ፣ በየመግቢያው በር አበጅተው ዘበኛ አቆሙ። ነጋዴም ሆነ መልእክተኛ በሩ ላይ ሳያስፈቅድ ወደ ውስጥ ዝር አይልም ነበር። ይህን ሁሉ ሲሠሩ ታዲያ አንድም ቀን የአጥር ግንባታ ፈቃድ አላወጡም። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ የላቸውም። የጎረቤት ስምምነትም የላቸውም፤ እንዲያውም ቦዩ የተቆፈረው ጎረቤት ስላልተስማማ ነው።

መጨረሻውም ታየ። በ1889 ዓ.ም. የምኒልክ የጦር አዛዥ የወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ሠራዊት ሲዘምት ያ ሁሉ ቦይና በር ወራት ቢያንገላታውም አላስቆመውም። የታሪክ ሰዎች ጠመንጃውን ምክንያት ያደርጋሉ። እኔ ግን ማህተም ያላረፈበት አጥር ከዚህ የተሻለ ዕድል አይገጥመውም ባይ ነኝ።

ዛሬ ዘመኑ ሠልጥኗል። የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተነሥተው «አጥሬን በወጉ ላሳጥር» ቢሉ የሚሄዱበት ቦታ አላቸው፤ ማዘጋጃ ቤት። የትኛው ከተማ እንደሆነ አልናገርም። አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል፤ ደግሞ እኔም ገና የማስፈጽመው ጉዳይ አለኝ።

«ጋሼ፣ ሰልፍ ይያዙ!» ይባላሉ። ንጉሡ ሰልፍ ይይዛሉ። ተራቸው ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል መታወቂያ ትጠይቃለች። ዘውድ አይበቃም። ቢበቃም የከፋ ዘውድ ከምኒልክ አማካሪ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ስዊዘርላንድ ተሻግሮ ስንት ዘመን ከርሞ የተመለሰ ስለሆነ በእጃቸው የለም። ከመታወቂያው ሌላ የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የካርታ ቅጂ ከዋናው ጋር፣ የዘመኑ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ።

«ግብር? ልጄ፣ እኔ እኮ ግብር የሚገባልኝ ሰው ነበርኩ።»

«እሱ የሌላ የሥራ ሂደት ነው፣ ጋሼ። ሁለተኛ ፎቅ ይጠይቁ።»

ሁለተኛ ፎቅ ያለው ባለሙያ ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባው የተጠራው ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ ግንዛቤ ለመፍጠር ስለሆነ አይቋረጥም። ንጉሡ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አግኝተው ይቀመጣሉ፤ አጠገባቸው ያሉት አሮጊት ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ እዚያው ናቸው።

የከፋ ነገሥታት ምክረቾ የሚባል የሰባት አማካሪዎች ሸንጎ ነበራቸው። ሰባት ሰው ቁጭ ብሎ የጦርነቱንም የሰላሙንም ይመክር ነበር። የእኛ ምክረቾ ደግሞ ስለ አንድ ጓሮ ይመክራል፦ መዝገብ ቤት አለ፣ ቀያሽ አለ፣ ቡድን መሪ አለ፣ የሂደት ባለቤት አለ፣ ከበላያቸው ኃላፊው አለ። ልዩነቱ፣ የያኔዎቹ አንድ ቤት ውስጥ ይሰየሙ ነበር። የአሁኖቹ አንዱ ሲገባ ሌላው መስክ ይወጣል።

ከሁሉ ከሁሉ ግን ፋይሉን ማየት ነው። ጥግ ጥጉን አይጥ የቀመሰው ቡናማ ክላሰር፣ በሲባጎ የታሰረ፣ የሌላ ሰው ስም ተሰርዞ የእርስዎ የተጻፈበት። ውስጡ አንዲት ገጽ ማመልከቻ አለች። ግራ ጠርዟ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ይታይ» ተብሏል። ከሥሩ በጥቁር «ለባለሙያ ይመራ»፣ በስተቀኝ በአግድም «አስተያየት ይቅረብበት»፣ ከላይ ቦታ ሲጠፋ ቀኑ ላይ ተደርቦ «በአሠራሩ መሠረት ይስተናገዱ»። ትእዛዙ በዝቶ በዝቶ በመጨረሻ ከማመልከቻው የሚነበበው «ከታላቅ አክብሮት ጋር» የሚለው ብቻ ነው። እሱን የጻፈው ደግሞ ባለጉዳዩ ነው።

ቀያሹ የሚመጣበት ቀን ይቆረጣል። ባጃጁ በባለጉዳይ፣ ምሳው በባለጉዳይ፤ ሜትሩ ግን የመንግሥት ነው። ዝናቡ ያባራ ሲመስል ሜትሩን በዕንሰቱ መሀል ይዘረጉታል፤ ቅጠሉ ያቆረውን ውኃ ሁሉ በቀያሹ አንገት ይለቅበታል፤ ቀያሹ ተቆጥቶ ችካሉን ከመለካቱ በፊት ይተክለዋል። ከዚያ ጎረቤት ይወጣል። ለዘመናት በአንድ ጀበና ቡና የጠጡ ሰዎች ያን ዕለት አንድ ክንድ መሬት ላይ ይፋጠጣሉ። ቀያሹ «ተነጋገሩና ጥሩኝ» ብሎ ባጃጁ ውስጥ ይገባል። ሲነጋ ችካሉ ትናንት የነበረበት የለም። በእኛ አገር ችካል ማታ ማታ ይሄዳል።

እስከዚያው ባለቤቱ እንጨቱን ገዝቷል። ምስጥ እንዳይበላው የቋሚዎቹን እግር እሳት ላይ ለብለብ አድርጎ፣ ከጋራዥ ያመጣውን የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ ግድግዳው ሥር ደርድሮታል። የከፋን ዝናብ የሚያውቅ የዚህን እንጨት ዕጣ ያውቀዋል። የተቀባው ቆይቶ ይሻግታል። ሳይቀባ በችኮላ የተተከለው ደግሞ ይባስ ብሎ ያቆጠቁጣል። ያቆጠቆጠ ቋሚ አጥር መሆኑ ይቀርና ዛፍ ይሆናል፤ ዛፍ ለመቁረጥ ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ «ይታይ» አለ። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። ማዘጋጃ ቤቶቻችን እንደ ጀመሩት ከቀጠሉ የእያንዳንዱ ሰው አጥርም ተጠግቶ የሚመዘገብበት ቀን ሩቅ አይደለም።

ጃርት ግን ማመልከቻ አያስገባም። ሌሊት ይመጣል፣ የዕንሰቱን ሥር ይቆፍራል፣ የሚበላውን በልቶ ሳይፈርም ይሄዳል። ከርከሮም እንደዚያው። ባለቤቱ ሲነጋ የተገነደሰውን ዕንሰት እያየ «የፈቃዱን ነገር ዛሬ ልጠይቅ» ይላል። ዛሬ ዓርብ ነው። ከሰዓት ማንም የለም።

ሕጉን ያየን እንደሆነ ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ተፈጻሚ የሚሆነው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባለው ከተማ ነው ይል ነበር። እንግዲህ አንዲት የገጠር ከተማ 9,999 ነዋሪ አላት እንበል። ሰው እንደልቡ ይገነባል፣ ያጥራል። አንድ ማታ ጤና ጣቢያው ውስጥ ልጅ ይወለዳል። እልል ሲባል ያደረው መንደር ሲነጋ ፈቃድ የለህም ይባላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ማን ብለው ስም እንደሚያወጡለት እንጃ፤ «ደንቡ» ቢሉት ያምርበታል።

አሁን ደንቡን ጠላ እንዳትሉኝ። ደንቡ ባይኖር ምን እንደሚሆን ስላየሁ ነው የምናገረው። ሁሉም በየፊናው ግማሽ ግማሽ ሜትር እየገፋ ያጠረው ቅያስ አለ፤ ሰው ሲሞት ሬሳ ሳጥኑን መታጠፊያው ላይ ማዞር አቅቶ በቆርቆሮ አጥር ላይ አሳልፈው የሚቀባበሉበት። አምቡላንስማ አይታሰብም። የመንገድ ስፋት የሚያስከብር፣ ወሰን የሚለይ አንድ ሰው መኖር አለበት። ያ ሰው ስብሰባ ላይ ነው፤ እኔ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ደግሞ ሥርዓቱ ትዕግሥት ለሌላቸውም መንገድ አለው። በጨረቃ የተሠራን ቤት «የጨረቃ ቤት» እንላለን፤ አጥሩም አብሮ በጨረቃ ይበቅላል። ዓርብ ማታ ባዶ የነበረ መሬት ሰኞ ጠዋት ቆርቆሮው ዙሮ፣ በሩ ተንጠልጥሎ፣ ውሻው ታስሮ ይገኛል። ውሻው በሰንሰለቱ ልክ ወሰኑን ያስከብራል። ደንብ አስከባሪው ሲመጣ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ሦስተኛው ላይ ሻይ ይጠጣል። ዓመታት ሲያልፉ መንግሥት ይራራና «ሕጋዊ እናድርግ» ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ በ1997 ዓ.ም. የአየር ፎቶ ላይ መታየት ስንቱን ባለካርታ እንዳደረገ የሚታወቅ ነው። ፈቃድ ሲጠብቅ የነበረው ሰው በዚያ ፎቶ ላይ የሚታየው ባዶ መሬቱ ነው። ሕግ ማክበሩ ከሰማይ ሳይቀር ተነሥቶለታል።

ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. ለተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ መቼም መሬቷን የማያይ ዓይን የለም። ሁሉም ያየውን ማጠር ይፈልጋል። ሁሉም ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል፤ ወይም ጨረቃ ይጠብቃል።

እንበልና ተሳካ። ፈቃዱ ወጣ፣ ማህተሙ አረፈ፣ ግንቡ ተገነባ፣ ጃርቱ ተመለሰ፣ ባለቤቱ በግ አረደ። ይህን ጊዜ የኮሪደር ልማት ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ሥራ ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ አብሮት የወረደ አዲስ ጥበብ አለ፦ አጥር መጋረድ የለበትም፣ ማሳየት አለበት። መንገድ ዳር ያለው ግንብ ይፈርሳል ወይም ወደ ውስጥ ይገፋል፤ በምትኩ አሳላፊ ይቆማል። እዚህ ላይ ፍትሕ አለ፤ ማሽኑ ፈቃድ ያለውንና የሌለውን አይለይም። ባለፈቃዱ ወረቀቱን ይዞ ሲሮጥ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የአሮጌው ፕላን ነው» ይባላል። ከዚያ ወዲያ በአሳላፊው አጥር በኩል የታጠበ ልብሱ፣ ዕንሰቱ፣ በጎቹና እሱ ራሱ ቁምጣ ለብሶ ለከተማው ውበት አስተዋጽኦ ያደርጋሉ።

ካነሣሁት አይቀር አንድ ጥቆማ ልስጥ። እዚያው ክልል ውስጥ፣ ዳውሮ ላይ፣ በንጉሥ ሃላላ ስም የሚጠራ የድንጋይ ካብ አለ። ሰባት ረድፍ ነው፤ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል ይባላል። ፈቃድ የለውም። ሃላላ ኬላ ብለው በስሙ ሎጅ ሠርተውለት እንግዳ ገንዘብ ከፍሎ ያየዋል፤ አንድም ሰው ግን ካርታውን ጠይቆ አያውቅም። እዚያ ሄዶ በቀይ ቀለም «ይፍረስ» ብሎ የሚጽፍ ደንብ አስከባሪ ቢላክ ሥራ አያጣም። የቀለሙ ግዥ ለጊዜው ጨረታ ላይ ነው።