ሳይተኮስ የቆየ ሸሚዝ

ሕዝብ ከምርጫ በኋላ ወደ ወትሮው ቴሌቪዥን መቼ ይመለሳል? ይህ ጥናት ጥያቄውን ከካውያ አንጻር ይመረምራል።

ጥናቱ የተካሄደው በቤይሩት ዳር ባለው ባውሽሪዬ ውስጥ፣ በአንድ ቤት፣ በ2022 የሊባኖስ የፓርላማ ምርጫ ሰሞን ነው። ናሙናዎቹ ማዳም፣ ሚስተርና ቴታ (አያት) ናቸው። ተመራማሪዋ መረጃ የሰበሰበችው ቡና ስታቀርብ፣ በአብዛኛው ቆማ ነው። የመምረጥ መብት ስለሌላት ገለልተኛነቷ አያጠራጥርም።

መጀመሪያ ስለ መብራት። የመንግሥቱ በዚያን ጊዜ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ቢመጣ ነው፤ የቀረው ኢሽቲራክ ነው፤ ከሰፈር ጄነሬተር በወር ክፍያ የሚገዛ። ይህ ቤት 5 አምፔር አለው። በ220 ቮልት ሲባዛ 1100 ዋት ይወጣል። ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ ተቻችለው ይኖሩበታል፤ ካውያ ሦስተኛ ሆኖ ሲገባ ግን ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሳሎኑ ይጨልማል፣ የተመራማሪዋም ስም ይጠራል። ስለዚህ ቴሌቪዥን እስካልጠፋ ድረስ ልብስ አይተኮስም። የጥናቱ መለኪያ አሃድ በዚህ ምክንያት ሸሚዝ ሆኗል።

እሑድ ሜይ 15 በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድምፅ ተሰጠ። (እሑድ የተመራማሪዋ ዕረፍት መሆኑን ማንም ያሰበበት አይመስልም፤ የ2018ቱም እሑድ ነበር።) ለ128 ወንበር 718 ዕጩዎች ቀርበዋል። ቴታ ጣቷን ቀለም ነክራ ተመለሰች፤ ከስኒው ጆሮ ላይ ቀለሙን ማስለቀቅ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆጠራ ታየ፤ አንድ ሰው ወረቀት ያነሳል፣ ያነባል፣ ያስቀምጣል። ሚስተር ከኤልቢሲ ወደ ኤምቲቪ፣ ከዚያ ወደ ጀዲድ፣ ከዚያ ወደ ኦቲቪ ሲዞር ቆይቶ ደስ የሚል ውጤት ያለበት ቻናል ላይ ያርፋል። በአገራችንም የ1997ቱ የፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ በተመራማሪዋ ቤት ወጥ አርሮ ነበር፤ ያኔ ካውያው የከሰል ስለነበር ግን የሸሚዝ መረጃ የለም።

በሊባኖስ ውጤት ሲሰማ ለደስታ ወደ ሰማይ መተኮስ የተለመደ ነው። ውጭ ሲተኮስ ቤት አይተኮስም፤ ከግኝቶቹ ሁሉ ጽኑው ይህ ነው። የመጨረሻው ውጤት ማክሰኞ ሜይ 17 ሲታወጅ ቅርጫቱ ውስጥ 11 ሸሚዝ ነበር።

ሐሙስ ማታ ማዳም ሪሞቱን ከሚስተር ጉልበት ላይ አነሳች። ንግግር አልተደረገም። በሶርያ አረብኛ የተተረጎመው የቱርክ ሙሰልሰል (ተከታታይ ድራማ) ተከፈተ፤ ማን ማንን እንደከዳ ለማስታወስ ግን ሦስቱም ተቸገሩ። ተመራማሪዋ እህቷ አዲስ አበባ ሆና በቃና በአማርኛ አይታ ስለጨረሰችው መጨረሻውን ታውቃለች፤ ናሙናውን ላለማዛባት ዝም ብላለች። ሙሰልሰል እንደ ምርጫ ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ ያልቃል። ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ካውያው ተሰካ፣ ቅዳሜ ቅርጫቱ ባዶ ሆነ።

ግርሻ ግን አለ። ሜይ 31 አፈ ጉባኤ ተመረጠ፤ ነቢህ በሪ በ65 ድምፅ ሲያልፉ 4 ሸሚዝ ተጠራቀመ። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ፕሬዚዳንቱ ዘመናቸውን ጨርሰው ወጡ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ እንደራሴዎቹ ተኪ ለመምረጥ 12 ጊዜ ተሰብስበው 12 ጊዜ ተበተኑ። የዚህ ዘመን መረጃ በአንድ ቅርጫት አይያዝም።

ጃንዋሪ 9 ቀን 2025፣ 13ኛው ስብሰባ። ጆሴፍ አውን በመጀመሪያው ዙር 71 አገኙ፤ የሚፈለገው 86 ነበር። ለሁለት ሰዓት ያህል ዕረፍት ሆነ። ሚስተር ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ሲጋራውን ይዞ በረንዳ ወጣ። ተመራማሪዋ ካውያውን ሰክታ 6 ሸሚዝ ጨረሰች። ሰባተኛው እጅጌው ላይ ስትደርስ ሚስተር ሮጦ ገብቶ ሪሞቱን ተጫነ፤ ብሬከሩ ወረደ። 99 የሚለውን የሁለተኛ ዙር ቁጥር ይህ ቤት የሰማው ከጎረቤት ነው።