ለገዢ የተኳለ ቤት

ቤት እሸጣለሁ ያለ ሰው ከገዢ በፊት የሚያገኘው መካሪ ነው። ብርብር ከተማ ያለችውን ጭቃ ቤቴን ልሸጥ መሆኑን የሰማው ደላላ ገና ከደጃፉ ሳያልፍ፣ "ጋሼ፣ ይቺ ቤት ትንሽ መኳል አለባት" አለኝ። አዲስ አበባ ሰው ቤቱን ለገዢ አሳምሮ ነው የሚያሳየው ብሎም አስረዳኝ። የአዲስ አበባው ሰው ለማሳመሪያ ስንት ያወጣል ብዬ ብጠይቀው መልስ የለውም። የእኔ ሦስት ሺህ ብር ነበር፤ ከእሱም ላይ የደላላው ሻይ ይነሳል።

ምስጥ የበላውን ጥግ ባለቤቴ በጭቃና በጭድ መረገችው። ምስጥ በተነሳ ቁጥር ደጋ ላይ ባሉት ዶርዜዎች እቀናለሁ። የቀርከሃ ቤታቸውን እግር ምስጥ ሲበላው የተበላው ይቀነስና ቤቱ አጠር ብሎ ኑሮውን ይቀጥላል፤ ቦታው ካልተመቸም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞት ይሄዳል። የእኔዋ የትም አትሄድም፤ ያላት ተስፋ ኩል ብቻ ነው።

አንዱ ጣሳ ቀለም ለሁለቱ ክፍል አልበቃ ሲል ውሃ አበዛንበት። ክሬም ነው ተብሎ የተሸጠልን ቀለም ከጭቃው ጋር ተዋህዶ ሲደርቅ ቁርጥ ዓባያ ሐይቅን መሰለ፤ ያ ደለል ያደፈረሰው ቀይ ዳማ መልኩን። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ስለሆነ ጽሑፉን ወደ ጣሪያው ገለበጥነው።

የቀረው ወንበር ነው። ደላላው "ባዶ ሳሎን ዋጋ ይሰብራል" ስላለ የዕድራችንን የፕላስቲክ ወንበሮች ተዋስኩ። በአገራችን ደግሞ የዕድር ወንበር በጋሪ ተጭኖ ወደ አንድ ግቢ ከገባ ነገሩ አንድ ነው። ደርድረን ሳንጨርስ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ መግባት ጀመረ። አንዲት እናት ደረታቸውን ይዘው "ማን ነው? ማን ነው?" ይላሉ።

"ኧረ እማማ፣ ማንም አልሞተ! ቤቱን ልንሸጠው ነው" አለች ባለቤቴ።

"ታዲያ ልጄ፣ ጥላችሁን ልትሄዱ አይደል? ይሄ ከሞት በምን ያንሳል?" ብለው አንዱን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሌላውም ተከተላቸው። ቡና ተፈላ፤ ቆሎ ተቆላ፤ ከበጀቴ የተረፈውም በዚያው አለቀ።

ገዢው የመጣው ይኼኔ ነው። የሙዝ ነጋዴ ነው፤ ከአርባ ምንጭ። ለቀስተኛውን ሁሉ "እግዜር ያጥናችሁ" እያለ አልፎ ገባና ግድግዳውን ሲያይ፣ "ጎርፍ ገብቶበት ያውቃል?" ብሎ ጠየቀ። ያን ሁሉ የተለቀለቀውን ቤት ቆሞ ያየው ይህችን ታህል ነው። ከዚያ በጓሮ በር ወጥቶ ከማንጎው ሥር ቆመ። አፈሩን በጫማው ጫረ፤ አጥሩን ከጥግ እስከ ጥግ በእርምጃ ለካ፤ ቀና ብሎ ፍሬውን ቆጠረ።

እንግዲህ ሕጉን አስቡት። መሬት ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የግል መሆኑ ቀርቷል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጽንቶታል። እኔ መሸጥ የምችለው ቤቱን ነው። መሸጥ የምችለውን ኩዬ፣ ሰውየው መሸጥ የማልችለውን ሲያይ ዋለ! በመጨረሻም ለደላላው፣ "ቤቱን አፍርሼ ነው የምሠራው፤ ማንጎው ግን እንዳይነካ" አለው።

ዋጋው ግን ደህና ነበር። ቀብድ ተቀበልኩ። በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል፤ ስለዚህ ሁለታችንም አርፈን ተቀመጥን። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበትና ውሉ ተጻፈ። የተሸጠው "ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት" ነው ይላል፤ ስለ ማንጎው አንድም ቃል የለበትም።