ሌባው ነጻ፣ ዘበኛው ተቀጪ

ቤዝቦል ውስጥ መስረቅ በሕግ የተፈቀደ ነው። አንደኛው ቤዝ ላይ የቆመው ሯጭ ወርዋሪው ዘወር ሲልለት ዐይኑን በጨው አጥቦ ወደ ሁለተኛው ይፈተለካል፤ ከቀናው ቤዙ በስሙ ተመዝግቦ ይጨበጨብለታል። የሚቀጣው ዘበኛው፣ ማለትም ወርዋሪው ነው፤ ያውም ትከሻው ስለተነቃነቀ!

ጥፋቱ "ባልክ" ይባላል። ቤዝ ላይ ሰው እያለ ወርዋሪው መወርወር ጀምሮ ከተወው ባልክ ነው። እጆቹን አገናኝቶ ቀጥ ብሎ ሳይቆም ከወረወረ ባልክ ነው። እግሩ ነጩን የላስቲክ ሰሌዳ እየነካ ኳሷ ብታመልጠውም ያው ነው። ሯጮቹ በሙሉ አንዳንድ ቤዝ ይመረቅላቸዋል። ወደ አንደኛው ቤዝ የወረወሩ መስሎ ማስቀረት ክልክል ሲሆን ወደ ሁለተኛው ግን ይቻላል። ወደ ሦስተኛውም እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ይቻል ነበር፤ በዓመቱ ተከለከለ። ውሸቱ በአድራሻ ነው ማለት ነው።

አሜሪካ ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ ሊያስረዳኝ ሞከረ።

"ጋሼ፣ ሕጉ የወጣው እኮ ሯጩ እንዳይታለል ነው።"

"ሌባው እንዳይታለል?"

"በቃ፣ ዝም ብለህ ጨዋታውን እይ!"

አየሁ። በ1988 የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ አለቆች "ቀጥ ብሎ መቆም" የሚለውን አንቀጽ አጠበቁት፤ በ1987 356 የነበረው ባልክ ወደ 924 አሻቀበ። የኦክላንዱ ዴቭ ስቱዋርት ብቻውን 16 ጊዜ ተቀጣ። በሚቀጥለው ዓመት አንቀጹን መልሰው አላሉት። የማያሚው ሪቻርድ ብሌየር ደግሞ በሊጉ አንድም ባልክ ሳይቆጠርበት ኖሮ፣ በመስከረም 2022 አንድ መቺ ፊቱ እንደቆመ ሦስቴ ተጮኸበት። አንደኛው ቤዝ ላይ የነበረው ጄፍ ማክኒል ከቤዝ ቤዝ እየተንሸራሸረ ነጥብ አስቆጠረ፤ መስረቅ እንኳ አላስፈለገውም።

ነገሩ የገባው ወርዋሪ ኬንሊ ጃንሰን ነው። በሰኔ 2019 የዶጀርስን ድል ሊዘጋ ሲል ሁለተኛው ቤዝ ላይ ያለው ሯጭ ያዡ ለወርዋሪው የሚሰጠውን ምልክት አይቶ ለመቺው እንዳያቀብል ሰጋ። ሆን ብሎ ተነቃነቀና ባልክ ተባለ፤ ሯጩም ወደ ሦስተኛው ተሸኘ። ከዚያ መቺውን አስወጥቶ ጨዋታውን ጨረሰ። ሌባውን አሳልፎ ቤቱን ያዳነ ዘበኛ እሱን አየሁ።

ለሕግ አውጪዎቹ አንድ አቤቱታ አለኝ፦ ሯጩም ከመስረቁ በፊት እጆቹን አገናኝቶ ለአፍታ ቀጥ ብሎ ይቁም።