ማሸጊያ ወይስ ማሸሻ?

«ዕቃው ጥሩ ከሆነ ማሸጊያው ምን አገባው?» አልክ አሉ። እናንተዬ፣ ስሙልኝ እንጂ! ወዳጄ፣ እኔ ቀምሼ አልገዛም፤ ገዝቼ ነው የምቀምሰው። እስክቀምሰው ድረስ የማውቀው ልብሱን ብቻ ነው።

«ወርቅ በጨርቅ ቢጠቀለልም ያው ወርቅ ነው» አልክ ደግሞ። ወርቅነቱን የምታውቀው አንተ ነህ። ለገዢው ጨርቅ ነው። ካነሳውም ወለል ሊወለውልበት ነው!

ያንተኑ ሚጥሚጣ ገዛሁ። ፊቱ ላይ ተራራ አለ፤ አበባ አለ፤ የምትስቅ ሴት አለች። አምስት ዓይነት ፊደል፣ ሰባት ዓይነት ቀለም። «ሚጥሚጣ» የሚለው ቃል ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው። የማብቂያ ቀኑ ደግሞ በግራጫ ላይ ግራጫ፣ የጉንዳን ዱካ ያህላል። ይሄ መለያ ነው ወይስ መለያያ? እኔንና አንተን ያለያየን እሱ ነው!

ጥጉ ላይ «በዚህ ይቀደድ» ይላል። ብስበው እምቢ። በጥርስ ብይዘው እምቢ። በቢላ ስመጣበት ግን እስከ ታች ተተረተረ። ሚጥሚጣው ከሥጋው በፊት ዓይኔን አገኘው። ከፈልኩ እንጂ መች ከፈትኩ! አንተም አሸግክ እንጂ መች ሸጥክ!

«ቆይ፣ ማሸጊያን ማን ያስታውሳል?» ትላለህ። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1915 ጠርሙስ ሠሪዎችን ሲያወዳድር ያዘዘውን ልንገርህ። በጨለማ ሲዳሰስ የሚታወቅ፣ ተሰብሮ መሬት ላይ ቢገኝ እንኳ የሚለይ ጠርሙስ ነበር የፈለገው። የእነሱ በጨለማ ይታወቃል፤ ያንተ በጠራራ ፀሐይ ይጠፋል!

«በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ዘመናዊ አደርገዋለሁ!» ቀስ በል! አሜሪካ ውስጥ የትሮፒካና ጭማቂ ካርቶን ላይ ገለባ የተሰካበት ብርቱካን ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ብርቱካኑን አንስተው ብርጭቆ ሙሉ ጭማቂ ሳሉበት። ያምራል፤ ግን ማንንም ይመስላል። ብርቱካኑን ቢነቅሉት ገዢው አብሮ ተነቀለ። በሁለት ወር ግድም ሽያጩ 20 በመቶ ወረደ፤ ድርጅቱም በየካቲት የድሮውን እመልሳለሁ አለ። ልብ በል፣ ጭማቂው ያው ጭማቂ ነበር! «ዕቃው ጥሩ ከሆነ» ያልካት ነገር ያን ጊዜ የት ሄዳ ነበር?

እንግዲህ ስማኝ። ስሙን አጉልተህ ጻፈው። ቀኑን አያት ያለ መነጽር እንድታነበው አድርገህ አትመው። በእጅ ተከፍቶ መልሶ የሚዘጋ አድርገው። ገዢህ የለመደውን ምልክት አትንካበት። ሚጥሚጣህ ግሩም ነው፤ ዓይኔም ምላሴም መስክረዋል። ሌላውም እንዲቀምሰው፣ መጀመሪያ እንዲያየው አድርግ።