ዲኮሩን ፈረስ በላው

የአጎቴ ልጅ ሊያገባ ሲነሳ የሰርግ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው የመረጡኝ የሂሳብ መምህር ስለሆንኩ ብቻ ነው። ሂሳብ ማስተማርና ብር ማብቃቃት የተለያየ ሙያ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ የሰማኝ የለም። «አንተ እያለህማ ገንዘብ አይባክንም» አሉና 60 ሺህ ብር የሚል ወረቀት አስያዙኝ። ብሩን አይደለም፤ ወረቀቱን። ብሩ ገና ከሙሽራው እቁብ፣ ከአባቱ ድንች ሽያጭና ባሕር ዳር ካለችው እህቱ ይመጣል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ነው።

ሙሽራው ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ሰው አይደለም። ኢንጅባራ ተወልዶ ኢንጅባራ ያደገ፣ ስልኩን ሲከፍት ግን አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ ነው። ሊሞዚን፣ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ኬክ፣ ከጣሪያ የሚወርድ አበባ፣ በጭስ መሐል የሚጨፍሩ ሙሽሮች እያሳየኝ «ዘመናዊ ይሁን፣ ወጪው ግን አይብዛ» ይለኛል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም ስለው «አንተ ፋሽን አታውቅም» ይላል። ልብሴን አይቶ መሆን አለበት።

ሙሽሪት የዳንግላ ልጅ ናት። ዳንግላና ኢንጅባራ በአንድ አስፋልት ላይ ናቸው፤ ቢራራቁ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሰርግ ሲመጣ ግን ርቀቱ ይጨምራል። ዳንግላዎች ኢንጅባራን ሲያነሱ ብርዱን ያስቀድማሉ፤ እኛ ደግሞ የአዊ ዞን ርዕሰ ከተማነታችንን እንጠራለን። ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ በሰላም ካለቀ በኋላ ስለ አጀብ ስንነጋገር «በተሸለሙ ባጃጆች ብንመጣስ? ወጪም ይቀንሳል፣ ለቪዲዮም ያምራል» አልኩ። የሙሽሪት ታላቅ አጎት ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ስማ ልጄ፣ ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የተቀመጠባት ከተማ ናት» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ቺዝማን የሚባለው ቆንስል በ1920ዎቹ ዳንግላ ተቀምጦ ነው ጣናንና ዓባይን እየዞረ ያጠናው፤ መጽሐፍም ጽፎበታል። ሰውየው ከስንት ዘመን በኋላ የእኛን ባጃጅ ያስከለክላል ብሎ ማን ጠረጠረ! ባጃጁ ቀረ። ሁለት ሚኒባስና አንድ ላንድክሩዘር ገባ። ላንድክሩዘሩ በውሰት ነው፤ ናፍጣው፣ የሾፌሩ ምሳና የሾፌሩ ጓደኛ ምሳ በእኛ።

ከሁላችንም አስተዋይ የነበረችው ሙሽሪት ናት። አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠን «ለምን ክብር መዝገብ ሹም ፊት ፈርመን፣ ቤተሰብ ብቻ ምሳ አንበላም?» አለች። በ1995 የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትም ሆነ በባህል የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ነው የሚያየው። አክስቴ ግን እኩል አታይም። «ምን ሆነው ነው ተደብቀው የሚጋቡት?» አለች፤ ነገሩ እዚያው ተቀበረ። በአገራችን ጸጥ ያለ ሰርግ የደገሰ ሰው አንድ ነገር እንደደበቀ ይቆጠራል። የእርግዝና ወሬ ከመጥሪያ ካርድ ቀድሞ ይዳረሳል።

ቀኑን የመረጠው ሙሽራው ነው፤ እሑድ ጥር 24 ቀን 2012 ዓ.ም.። ምክንያቱ ደግሞ፣ ልመርቀው፣ ብልህነት ነበረበት። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት የዓድዋ ዘማቾችና ፈረሶቻቸው የዋሉት ውለታ እንዳይረሳ ብሎ ነው። የ1888ቱ ድል የካቲት 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነበር፤ የፈረሰኞቹም በዓል በጥር ጊዮርጊስ ይውላል። የማኅበሩ አባላት ከ60 ሺህ በላይ ናቸው። የዚያን ቀን ኢንጅባራ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ግላስ የለበሰ፣ ግንባሩ ላይ ያጌጠ፣ አንገቱን ሰብሮ የሚረግጥ ፈረስ ነው፤ ሊሞዚን በዚያ መሐል ቢያልፍ የሚዞርለት አንገት የለም። የሙሽራው ስሌት እንግዲህ ይህ ነው፦ ፈረሱ ቅዳሜ አጊጦ ይውላል፤ እሑድ ያው ፈረስ በዚያው ጌጥ ሙሽራ ያጅባል፤ ባለቤቶቹ ዘመዶቻችን ስለሆኑ ኪራይ የለም። ካሜራ ማኑ ሲሰማ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ከኮሚቴው ማንም ያላነሳው ነገር፣ ያ ዓመት የማኅበሩ 80ኛ ዓመት መሆኑን ነው። እንግዳው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። አልጋ የለም። የሚከራይ ወንበር የለም። ድምፅ ማጉያ ያለው ሁሉ ለበዓሉ ተይዟል፤ የቀረው አንዱ «እሑድ መዋል እችላለሁ፣ ዋጋው ግን የቅዳሜ ነው» አለን። ድንኳን ከእድር አገኘን። የእኛ ኢንጅባራ ደጋ ናት፤ ጥር ላይ ቀኑ ቢጠራም ማታው አጥንት ይሰብራል፤ ከዳንግላ የሚመጣው ሰው ያለ ጎን መጋረጃ አይቀመጥም። የድንኳኑን ጎን በምን እንዝጋው ስንል የተገኘው ድንች የሚሸፈንበት ሸራ ነበር። ሙሽራው ሸራውን በነጭ ጨርቅ ካላለበሳችሁት አላገባም ብሎ ሲዝት አመሸ።

አሁን ወደ ዲኮሩ ልምጣ። ከባሕር ዳር የጠራነው ባለሙያ ለመድረክ፣ ለመግቢያ በርና ለአበባ የጠየቀን ዋጋ የበጀታችን ሲሶ ነበር። አበባው ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ያኔ ነው እኔ ቀርከሃ ያልኩት። በእኛ አካባቢ በአስፋልቱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና መደርደሪያ ደርድረው የሚሸጡ እጀ ወርቅ ሰዎች አሉ። አንዱን አናገርን፤ ሁለት ምሶሶ አቁሞ፣ ቅስት አድርጎ አጎንብሶ፣ ቅጠሉን ሳይመለምል አረንጓዴ እንደሆነ የሚያዘነብል በር ሠራልን። ዋጋው ከባሕር ዳሩ አንድ አሥረኛ አይሞላም። ቅዳሜ ማታ ሲተከል አክስቴ ሳትቀር «ይሄስ ቤተ መንግሥት ነው» አለች። አሁንም ቢሆን በዚያ አገር ከዚያ የሚበልጥ ዲኮር የለም ባይ ነኝ።

እሑድ ሙሽሪትን ልናመጣ ዳንግላ ወረድን። እዚያ የሆነውን አላበዛውም፤ በር ላይ «አናስገባም ሰርገኛ» ተባለ፣ ሚዜዎቹ ተከራከሩ፣ ኪሳቸው ተራገፈ፣ ተበላ፣ ተለቀሰ። ስንመለስ አዲስ ቅዳም ላይ መንገዱ ተዘጋ። አዲስ ቅዳም ያለችበት የፋግታ ለኮማ ወረዳ ሰው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎ፣ አክስሎ የሚተዳደር ነበር፤ ከሰል የጫነ አይሱዙ መሐል መንገድ ላይ ጎማ ቀይሮ አይጨርስም፤ ከኋላው የእኛ አጀብ፣ ከእኛ ኋላ የሌላ ሰው አጀብ ክላክስ ይነፋል። ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ የመኪናውን መስታወት ዘጋች፤ የከሰል ብናኝና ነጭ ቬሎ አይተዋወቁም። ቬሎው ደግሞ የኪራይ ነው፤ ለአንዲት ነጥብ መያዣ ያስያዝነው ብር አለ። ከዚያ ዘንገና ሐይቅ ዳር ፎቶ እንነሳለን ያሉትን ትተን ቀጥታ ወደ ቤት ተባለ።

ቤት ደግሞ ሰባት ፈረስ ይጠብቀናል። ሃያ ይመጣሉ ተብሎ ነበር፤ የቀሩት ባለቤቶች በበዓሉ ደክመው በጧት ወደየወረዳቸው ተመልሰዋል። የመጡት ሰባቱ ቅዳሜን ሙሉ ጉግስ ሲጋልቡ የዋሉ፣ እሑድ ከረፋድ ጀምሮ ኮርቻቸው ሳይወርድ የቆሙ ናቸው። ፈረሰኞቹ ጠላ ቀርቦላቸው ዳስ ውስጥ ገቡ። ፈረሶቹን የት አሰሯቸው? ምሶሶ ፍለጋ ማን ይዞራል፤ በሩ ላይ ሁለት ጥሩ ምሶሶ ቆሟል።

ቀርከሃ ቅጠሉ መኖ ነው። ይህን እኛ አገር ሕፃን ልጅ ያውቃል።

ደርሰን ከመኪና ስንወርድ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ቦራ ፈረስ ነው። ግላሱ ቀይ፣ ጠርዙ ላይ የተሰፋው ቢጫ ዘርፍ ጉልበቱ ድረስ የወረደ፣ ግንባሩ ላይ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ በዚያ ሰፈር ካለው ፍጥረት ሁሉ በአለባበስ የሚበልጥ። ልጓሙን ላላ አድርገውለታል። ራሱን ወደ ቅስቱ ቀና ያደርግና ከንፈሩን አሹሎ አንዲት ቅርንጫፍ ይመርጣል፤ ከሥሯ ይዞ ወደ ጎን ይስባታል፤ ቅጠሉ በሙሉ አፉ ውስጥ ይቀርና ባዶዋ ጭራሮ ወደ ላይ ተመልሳ ትርገበገባለች። አይቸኩልም። የግራው ምሶሶ ተጠናቋል፤ የቅስቱ ግማሽ አልቋል፤ የቀረው ሌሎቹ ስድስት ፈረሶች የማይደርሱበት ጫፉ ላይ ያለው ብቻ ነው። ሙሽራው አፉን ከፍቶ ቀረ። ፈረሰኛው ከዳስ ወጥቶ ጉዱን አየና «ታዲያ ዲኮር መሆኑን ማን ነገረው?» አለ። ካሜራ ማኑ ግን ለነገሩ የተፈጠረ ሰው ነው፤ አንዴም ሳያቆም ቀርጾታል። ሙሽሮቹ በሩን ሲያልፉ ከጀርባቸው አንድ መንጋጋ ሲያላምጥ ይታያል። ያ ቪዲዮ ዘመድ ሲመጣ ዛሬም ይከፈታል፤ ከዚያ ሰርግ ሰው ደግሞ ደጋግሞ የሚያየው ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ካርድ ያሳተምነው ለ200 ሰው ነበር። የመጣውን የቆጠረ የለም፤ ወጡ ግን አላለቀም፣ ጠላውም አላነሰም። ይህ የእኔ ቁጥጥር ውጤት ነው ያሉ ነበሩ። የጎረቤት ሴቶች ሳምንት ሙሉ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ጠላውን ሲያንቆረቁሩ ሰንብተው ቁጥጥር ነው ቢባል ማን ያምናል። ከድንኳኑ መግቢያ አጠገብ አንድ ጎልማሳ ደብተር ይዞ ተቀምጦ ነበር። የእገሌ እናት አንድ ጋን ጠላ፤ የእገሌ ቤት አንድ መሶብ እንጀራ፤ እነ እገሌ ሁለት ጠርሙስ አረቄ፤ እገሌ አንድ ሺህ ብር። ሰርጉ ሲያልቅ ሂሳብ ሠራሁ። በጥሬ ብር የወጣው 71 ሺህ ነው፤ ከበጀቱ ብዙም አልራቀም ተብሎ እጄ ተጨበጠ። ማታ ደብተሩን በገበያ ዋጋ ስተምነው ከ71 ሺህ አላነሰም። ያ ስጦታ አይደለም። የእገሌ እናት ልጇን ስትድር ጋኑ ሞልቶ መመለስ አለበት። ያውም በዚያን ጊዜ በነበረው የገብስና የጌሾ ዋጋ አይደለም፣ በሚመለስበት ቀን ዋጋ እንጂ። አንድ ሺህ ብር ላመጣው ሰው ዛሬ አንድ ሺህ ብር ይዤ ብሄድ ፊቱን ያዞርብኛል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ በትንሽ ብር ያማረ ሰርግ ደገስን የሚሉ ሁሉ ደብተራቸውን ያሳዩን። አጎቴ እስካሁን እየከፈሉ ነው።

እኛ ሰርጉን ከጨረስን ወር ከአሥር ቀን ሲሆነን፣ መጋቢት 4፣ ኮሮና አገር ውስጥ ገባ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ስብሰባ ተከለከለ። ለፋሲካ ማግስት የደገሱ የሰፈራችን ልጆች ሙሽራ፣ ሙሽሪትና ጥቂት ሰው ሆነው ተጋቡ። ያ ዓመት ማንም ሳይታማ በርካሽ ማግባት የሚቻልበት ብቸኛ ጊዜ ነበር። ታዲያ ክልከላው ሲነሳ አክስቴን ጨምሮ ሰፈርተኛው ሁሉ «መልሱስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ልጅ ያዘለች ሙሽራ ካባ ደርባ መልስ ስትጠራ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወደ እኛ ሰርግ ልመለስና፣ እድሩ ዕቃውን ሲረከብ አንድ ችግር ገጠመን። የእድሩ ብረት ድስቶች በሙሉ ቂጣቸው ላይ በቀለም ምልክት አላቸው፤ ተቆጥረው ወጡ፣ ተቆጥረው ገቡ፤ አልጎደለም። አንድ ግን ተረፈ። ትልቅ ነው፣ የዶሮ ወጥ የተሠራበት ነው፣ ጆሮው ላይ የሌላ ሰው ምልክት አለው። ምናልባት ከዳንግላ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እነሱ ግን የእኛ አይደለም ብለዋል። የእኔ ነው የሚል ምልክቱን ነግሮን ከአጎቴ ቤት ይውሰድ። ክዳኑ ግን የእኛ ነው።