የሦስተኛው ክፍል ዳኞች

በሪያድ፣ በመንፉሃ ሰፈር፣ ዓርብ ዓርብ በቡና ዙሪያ የሚሰየመው የአንባቢያን ጉባኤ፣ የይስማዕከ ወርቁ ልብ ወለድ «ዴርቶጋዳ» «ራማቶሓራ»ን አስከትሎ «ዣንቶዣራ» ላይ በደረሰ ጊዜ፣ «የፊተኛው ይበልጣል» ሲል ያለ አንዳች ተቃውሞ ፈረደ። ከሻንጣ ወደ ሻንጣ ሲዘዋወር ልባሱ የተገነጠለውንና የስኒ ክብ የታተመበትን ብቸኛ ቅጂ ሁሉም በየተራው ሲዋስ፣ ከሁሉ የከረረውን ሂስ የሚያሰማው ተራው ገና ያልደረሰው ሊቅ ነውና፣ ሳይገልጡ የማንበብ ሀብተ ጸጋ ሳይሰጠው አልቀረም። ኮናን ዶይል እንኳ እ.ኤ.አ. በ1893 በገደል የጣለውን ሼርሎክ ሆምስን፣ አንባቢና አሳታሚ ቢወተውቱት፣ በ1903 ከሙታን አስነሥቶታል፤ ከዚያም ወዲያ «እንደ ድሮው አይደለም» መባሉ አልቀረለትም። ሸንጎው ሲበተን ግን፣ ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈረውን ወንድም እነዚያው ዳኞች እስከ በር ሸኝተው፣ «ቀጣዩ ወጥቶ እንደሆነ፣ አደራ፣ ሁለት ቅጂ» ይሉታል።