ሳያዩ የሚያለቅሱ፣ ሳያዩ የሚያኮርፉ

የአሜሪካ ተመልካች ፊልም ማየት ከተወ ቆየ። ለዚህ ሊመሰገን ይገባዋል። ማየት ጊዜ ይፈጃል፤ ዓይን ያደክማል፤ ይባስ ብሎም ሰው ከቤቱ ይዞት የወጣውን አቋም መንገድ ላይ ሊያስጥለው ይችላል። በተለይ ነገሩ ፅንስ ማቋረጥን የሚነካ ከሆነ፣ አስተዋይ ሰው አስቀድሞ ማን እንዳጨበጨበ ያጣራል፤ ከዚያ ወይ ያለቅሳል፣ ወይ ያኮርፋል። ሐዋርያው ቶማስ ካልዳሰስሁ አላምንም ብሎ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። የዘንድሮ ሰው እንዲህ ያለ ነውር የለበትም።

ጥበቡን መማር ለሚፈልግ «ቤላ» ከተባለው ትንሽ ፊልም የተሻለ መምህር አይገኝም። ሳታስበው አርግዛ ልጇን ስለምትወልድ ሴት የሚተርክ፣ በ3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራ፣ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ያልደገፉት ሥራ ነው። ዳይሬክተሩ አሌሃንድሮ ጎሜዝ ሞንቴቬርዴ፣ መሪ ተዋናዩም ኤድዋርዶ ቬራስቴጊ፣ ሁለቱም ሜክሲኳውያን ናቸው። ቬራስቴጊ በአገሩ በዘፋኝነትና በተከታታይ ድራማ ስሙ የገነነ ቆንጆ ነበር። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሮንቶ ፌስቲቫል የተመልካቾች ምርጫ ሽልማትን ወሰደ፤ በ2004 «ሆቴል ሩዋንዳ»፣ በ2005 የደቡብ አፍሪካው «ጾጺ» ያገኙትን ማለት ነው። የቶሮንቶ ሰዎች ግን ይቅር የማይባል ስህተት ሠርተዋል፦ መጀመሪያ ፊልሙን አዩ፤ ከዚያ ድምፅ ሰጡ።

ስህተቱ የታረመው በኦክቶበር 2007 ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ ሲቀርብ ነው። ፅንስ ማቋረጥን የሚቃወሙ ማኅበራትና አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት ትኬቱን በጅምላ ገዙት። በሒሳቡ አልተሳሳቱም። የአንድ ትንሽ ፊልም ዕድሜ የሚወሰነው በመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ በሚገባው ገንዘብ ነው፤ ገቢው ካነሰ ብዙ ሳይቆይ ከአዳራሹ ይወርዳል። ስለዚህ ወንበር መሙላት ከጽድቅ ሥራ ተቆጠረ። በዚያ ዓመት አማካይ የትኬት ዋጋ 7 ዶላር አይሞላም ነበር፤ ነፍስ የማዳን ዋጋ እንዲህ ረክሶ አያውቅም። ፊልሙ አገር ውስጥ ብቻ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ስንቱ ወንበር ላይ ሰው እንደ ነበረ ካዝናው አይጠይቅም።

ይኸው ዘዴ በ2023 ከፍጹምነት ደረሰ። ያው ዳይሬክተር የመራው፣ ያው ቬራስቴጊ በፕሮዲውሰርነት የቆመበት «ሳውንድ ኦፍ ፍሪደም» የተባለው ፊልም ሲወጣ፣ አከፋፋዩ ተመልካቹን ለማያውቀው ሰው ትኬት እንዲገዛለት ጋበዘ። ጉዳዩ የሕፃናት ሽያጭ ነበር፤ ገቢው በአሜሪካ ብቻ ከ180 ሚሊዮን ዶላር በለጠ። ከእንግዲህ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በሌላ ሰው ዓይን ሊያይ፣ በሌላ ሰው እንባ ሊያለቅስ ይችላል። ጾሙንም በዚሁ መንገድ የሚጾምለት ሳያገኝ አይቀርም።

ወዲያ ማዶ ያሉትን ብናልፋቸው ግን ግፍ ይሆንብናል። ፅንስ የማቋረጥ መብት ደጋፊ የሆነው የተማረ ተመልካች ከቤተ ክርስቲያኑ አውቶቡስ የሚወርዱትን ምዕመናን ባየ ጊዜ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። «ስብከት ነው» አለ። እርግጥ ፊልሙ ውስጥ አውደ ምሕረት ላይ የወጣ ሰባኪ የለም፤ ሰልፍ የለም፤ መፈክር የለም። ይህ ደግሞ የባሰ ክፋት ሆኖ ተገኘ፤ የማይሰብክ ስብከት ከሁሉ የከፋ አይደል? ፊልሙን አይተው ጣፋጭነቱ ጉሮሮ ይይዛል ያሉ ተቺዎችም ነበሩ፤ እነሱስ ቢያንስ ቀምሰውታል።

«ቤላ» ለአሜሪካ ሕዝብ በቀረበበት በ2007 መጨረሻ «ጁኖ» የተባለችው ፊልም መጣች። የ16 ዓመቷ ልጅ ሳታስበው ታረግዛለች፤ ክሊኒክ ትሄዳለች፤ ሐሳቧን ቀይራ ትወጣለች፤ ልጁን ወልዳ ለአሳዳጊ ትሰጣለች። «ቤላ» ውስጥ ያለችው ኒናም ሳታስበው አርግዛ፣ ወልዳ፣ ልጇን ለሌላ ሰው ትሰጣለች። ጁኖ ግን ነገረኛ ናት፤ ቀልዷ ይቆርጣል፤ ጊታሩም ደስ ይላል፤ ፊልሟ የኦስካር የድርሰት ሽልማት አግኝቷል። ስለዚህ በ«ቤላ» ያኮረፈው ተመልካች እዚህ ወንበሩ ላይ እየተንከተከተ ሳቀ። ታሪክ አንድ፣ ፍጻሜ አንድ፣ ፍርድ ሁለት። ልዩነቱ ከጎን የተቀመጠው ማን ነው የሚለው ብቻ ነበር።

በ2019 የወጣው «አንፕላንድ» ደግሞ ሳያዩ ለሚፈርዱት ትልቅ እፎይታ ሆነ። እሱ ዓላማውን የማይደብቅ፣ ከክሊኒክ ኃላፊነት ወደ ተቃዋሚነት የዞረችን ሴት ታሪክ ይዞ የተነሣ ፊልም ነው። እንዲህ ፊት ለፊት ሲመጣ ደጋፊውም ነቃፊውም ሳይገቡ መፍረዳቸው ጊዜ ቆጠበላቸው እንጂ ምንም አላጎደለባቸውም።

«ቤላ» ላይ ግን አጉድሎባቸዋል። የፊልሙ ነገር የሚነሣው ክሊኒክ ውስጥ አይደለም፤ ኒው ዮርክ፣ አንድ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ነው። ኒና አስተናጋጅ ናት። ማርገዟን ባወቀችበት ቀን አርፍዳ ትገባለች። ከዚያ በፊትም አርፍዳለች። ባለቤቱ ማኒ ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ አባረራት። የማኒ ወንድም ሆሴ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሼፍ ነው። ቀድሞ ተስፋ የተጣለበት የእግር ኳስ ተጫዋች ነበር፤ በመኪና አንዲት ሕፃን ገጭቶ ገደለ፤ ታሰረ፤ ኳሱም ቀረ። የምሳ ሰዓት ጥድፊያ ላይ ድስቱን ጥሎ ኒናን ተከትሎ ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ አብሯት ይውላል፤ በኋላም ኒና የወለደቻትን ልጅ ተቀብሎ ያሳድጋታል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የተነሣው ከማኒ ውሳኔ ነው። አንድም ተመልካች ግን ማኒን አስታውሶ ሲቆጣ አልተሰማም። የሆሴ ደጋፊ ነኝ የሚለው ሆሴ ስንት ዓመት ማሳደጉን ረስቶ ስንት ትኬት እንደ ገዛ ይቆጥራል። የኒና ጠበቃ ነኝ የሚለውም ምርጫዋ ተነፈገ ይላል፤ ያን ዕለት ጠዋት የተነፈገችው ደመወዟን መሆኑ ትዝ አይለውም።

የአገሪቱ ሕግ በዚህ በኩል በማኒ ላይ አልጨከነም። በ1978 የወጣው ሕግ ሴትን በእርግዝናዋ ምክንያት ማባረር ይከለክላል፤ የሚመለከተው ግን 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ነው። ማርፈድ ደግሞ እርግዝና አይባልም። በ1993 የጸደቀው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ለወላድ የ12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱ ያለ ደመወዝ ነው፤ ለዚያውም ቀጣሪው 50 ሠራተኛ ከሌለው ሕጉ አይነካውም። በጉርሻ የምትኖር የትንሽ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ይህን ብታነብ የምታገኘው የንባብ ልምድ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለግል ድርጅት ሠራተኛ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ እስከ ዛሬ አላወጀም።

ይህን ለመለወጥ ሁለቱ ተመልካቾች አንድ ቀን እንኳ አብረው መሰለፍ ይችሉ ነበር። ግን የት ይቁሙ? አንደኛው የክሊኒኩን በር ሊዘጋ ቆሟል፤ ሌላኛው የክሊኒኩን በር ሊያስከፍት ቆሟል። ሁለቱም ሲደክማቸው ማኒ ቤት ገብተው ምሳ ያዛሉ፤ አስተናጋጇ ከዘገየችባቸውም ጉርሻዋን ይቀንሳሉ።

ስለዚህ ቀጣዩን ፊልም ለሚሠራ ዳይሬክተር አንድ ምክር አለን። ምግብ ቤቱን ይተወው፤ ለቀረጻ ወጪ ያበዛል፤ የሚያየውም የለም። አለቃውን፣ የቤት ኪራዩን፣ የሰዓት መቆጣጠሪያውን ያውጣቸው። የክሊኒክ በርና ሁለት ረድፍ ሰው ካለው ይበቃዋል፤ ግማሹ ያጨበጭባል፣ ግማሹ ያፏጫል፣ ትኬቱም ያልቃል። ከተመልካቹ መካከል «ልጅቷ ነገ ምን ትበላለች?» ብሎ የሚጠይቅ ከተነሣ በትሕትና ያስወጡት። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ሕይወትና ስለ ነፃነት ነው፤ ስለ እንጀራ አይደለም።